የተቃጠለ ዘይት እቁብ

የልጅ ልጆቼ እሑድ እኔ ቤት ሲሰበሰቡ ከሚጣሉባቸው ነገሮች አንዱ የሞተር ዘይት ነው። ትልቁ፣ «ጋራዡ በነገረኝ ቀን ካልቀየርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም» ይላል። ታናሹ፣ «ጋራዡማ ዘይት ሻጭ ነው፤ ቆይተህ ና እንዲልህ ትጠብቃለህ?» ብሎ ይስቅበታል። ታክሲ የምትነዳው እህታቸው ደግሞ፣ «ያንተ ማኪና ሳምንቱን ሙሉ በር ላይ ቆሞ ይውላል፤ የኔ ከጠዋት እስከ ማታ የሽሮ ሜዳን ዳገት ይወጣል። እንዴት ሆኖ ነው እኩል ቀን የምንቀይረው?» ትለዋለች።

እኔ መሪ ጨብጬ አላውቅም። ትምህርቴም ዳዊት ከመድገም ብዙ አልዘለለም። በዚህ ነገር ግን የሚረታኝ የለም። ዘይት የሚቀየረው ማኪናው በሠራው ልክ ነው። ያልሠራን ማኪና ዘይት ቀይር ማለት ብክነት ነው፤ የለፋን ማኪና በአሮጌ ዘይት ማስሮጥ ደግሞ ግፍ ነው። ይህን የተማርኩት በጣልያን ጊዜ፣ እዚሁ ጉለሌ፣ ቤታችን ሊወድቅብን ሲል ነው።

ቤታችን የጭቃ ቤት ነበር። የቋሚዎቹ እግር በስብሶ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት የጓዳው ግድግዳ ተናደና አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ የተኛችበት መደብ ላይ ወረደ። በፈጣሪ ቸርነት ለሽንት ወጥታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ጋደም ማለት እምቢ አለች፤ ምድጃ አጠገብ ተቀምጣ ነበር የምታድረው። «ግድግዳው እስኪሠራ ነቅቼ እጠብቀዋለሁ፤ ደግሞ ቢመጣ ቁጭ ብዬ ያግኘኝ» ትል ነበር። እናቴ ሌላ ክረምት በዚያ ግድግዳ ሥር እንደማናሳልፍ ማለች። አዲስ የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ተቆርጠው፣ ተልጠው፣ ደርቀው ከቤቱ ጎን ተደግፈዋል። የጎደለን የተቃጠለ ዘይት ብቻ ነበር።

የተቃጠለ ዘይት ማለት ከሞተር ተንቆርቁሮ የሚወጣው ጥቁሩ ዘይት ነው። የቋሚው እግር በእሱ ተቀብቶ ከተተከለ ምስጥ አይነካውም፣ እርጥበትም ቶሎ አይገባውም። ያልተቀባ እንጨት በጉለሌ መሬት ስንት ክረምት እንደሚችል እኛ አይተነዋል።

ዘይቱ የሚመጣው ከአባቴ ካሚዮን ነበር። የአባቴ ስል የሚነዳው እሱ ስለሆነ ነው እንጂ ባለቤቱ አንድ ጣልያን ነው፤ ወታደር ሳይሆን ሥራ ተቋራጭ። ቀኝ እግሩ አይታጠፍም ነበርና የሚነዳለት ሰው ሲፈልግ፣ ከጠላት በፊት የአንድ ግሪክ ነጋዴ ማኪና ይነዳ የነበረውን አባቴን አገኘ። እናቴ ያን ቀን ደጃፍ ላይ ቆማ፣ «ድንጋይ ከጫንክ ራትህን አቀርባለሁ፤ ጥይት ከጫንክ ግን ይህን ደፍ አትረግጣትም» አለችው። ድንጋይ ጫነ። ለመንገድ ሥራ የሚሆን ድንጋይ ከእንጦጦ ሥር ወደ ከተማ ያወርድ ነበር።

ጣልያኑ በመጀመሪያው ሰሞን፣ «ዘይት በወር አንዴ» ብሎት ነበር። አባቴ ይህን ሲሰማ በወር አንዴ የሚመጣ፣ ማንም የማይረሳው ቀን ፈለገ፤ ለቁስቋም ማርያም ደብር ጎረቤት ደግሞ ከማርያም ሌላ ምን ቀን አለ? ስለዚህ ዘይቱ በየወሩ በሃያ አንድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሜዳው ላይ ካለው ዋርካ ሥር ይቀየር ጀመር። ከባድ ሥራ የማይሠራበት ቀን ነውና ካሚዮኑም አብሮን በዓል አከበረ። አያቴ ማኪና ቀርባ አይታ ስለማታውቅ፣ «ዛሬ ይታለባል?» እያለች ትጠይቅ ነበር።

በጥቁሩ ዘይት ሰፈሩ እንዳይጣላ እቁብ ተቋቋመ። ገንዘብ የለበትም፤ የማርያም ዕለት የሚወጣው ዘይት በተራ ለአንድ ቤት ይደርሳል። የእቁቡ ዳኛ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ነጭ ጥምጣም የማይለያቸው፣ ከቃላቸው ፈቀቅ የማይሉ። ተራው የወጣው በዕጣ ነው፤ ከአንድ ሰው በቀር። ከጋሞ አገር የመጣው ሸማኔ ጎረቤታችን ዕጣ ሳይደርሰው፣ «አንተ መጨረሻ ትሆናለህ» ተባለ። ሸማኔ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። እሱም ፈገግ ብሎ፣ «እኔ መጨረሻ መሆን ለምጄአለሁ፤ ቤቴ ግን አልለመደም» አለ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ልጅ ስለነበርኩ ግን የጠየቀኝ አልነበረም።

የእኛ ተራ ግንቦት ላይ ወደቀ፤ የሸማኔው ሰኔ ላይ። ታዲያ ከሚያዝያ ማርያም በማግሥቱ የመንገዱ ሥራ ቆመ። ካሚዮኑ ወሩን ሙሉ ዋርካው ሥር ተገትሮ ከረመ። የጎረቤት ዶሮ መቀመጫው ላይ እንቁላል እስክትጥል ድረስ!

ግንቦት ሃያ አንድ ደረሰ። እናቴ ትልቁን እንስራ አጥባ ይዛ ወጣች፤ ሰፈሩም እንደ ልማዱ ለማየት ተሰበሰበ። አባቴ ከካሚዮኑ ሆድ ሥር ገብቶ ቡሎኑን ሊፈታ ቁልፉን ሲያነሳ ጣልያኑ በዚያ በማይታጠፍ እግሩ እየተጎተተ መጣ።

«አንተ! ምን ታደርጋለህ?»

«ዘይት ልቀይር ነዋ፣ ጌታው።»

ጣልያኑ ኮፋኖውን ከፈተና የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዞ አሳየን። ዘይቱ የጠጅ መልክ ነበረው፤ ጥርት ያለ።

«ይኸው ንጹሕ! ማኪና ተኛ፣ ዘይት አልሠራ። ለምን ይጣላል?»

«ዛሬ እኮ ማርያም ነው» አለ አባቴ።

«ማኪና ማርያም አያውቅም!»

አንዳንዱ አማተበ፣ አንዳንዱ አፉን በጋቢው ሸፍኖ ሳቀ። እናቴ እንስራውን ታቅፋ ቀረች። ያኔ ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ የእናንተ ተራ አለፈ። ማርያም መጥታ ሄደች። የሚቀጥለው የሚቀጥለው ነው» አሉ።

እኔ ዘልዬ መሐል ገባሁ። «ባዶ እንስራ ይዘን ልንመለስ ተራችሁ ደረሰ ይባላል? ምን ደረሰን? ንፋስ?»

«የማን ልጅ ናት ይቺ?» አሉ ዳኛው።

«የእኔ ናት» አለች እናቴ። «የጠየቀችውንም ይመልሱላት።»

«ሕግ ሕግ ነው፣ ልጄ። ተራው በማርያም ነው የሚቆጠረው።»

«እቁቡ የማርያም ነው ወይስ የዘይት?» አልኳቸው። «ዘይት ካልወጣ ተራ አልወጣም!»

እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ግን ቀስ ብላ ነበር፣ ስትስማማ እንደምታደርገው። ዳኛው ብዙ ከተጉተመተሙ በኋላ ካሚዮኑ ክረምት ሳይገባ ዘይት ካወጣ ለእኛ እንዲሆን፣ ካላወጣ ግን የእኛ ነገር እንዲቀር ፈረዱ። ክረምት ሲገባ ያ የጭቃ መንገድ ለካሚዮን አይሆንም፤ እስከ መስቀል ይቆማል። እንግዲህ ያለን ጊዜ ዝናቡ ጠንክሮ እስኪጥል ብቻ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቤታችን ሸንጎ ሆነ። አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ወደ አባቴ ጠጋ ብሎ፣ «ምን ያስጨንቃል? ከጣራው ጥቀርሻ ጠርገን ዘይቱ ውስጥ ጨመር ማድረግ ነው። ነገ ጠዋት ጥቁር ነው» አለ።

አባቴ ከመቀመጫው ተነሣ። «ሞተሩን ልትገድለው ነው?»

«ትንሽ ብቻ እኮ ነው።»

«አንተ ሰውዬ» አለች እናቴ፣ «ቤቴን በቅጥፈት ዘይት አልቀባም። ጣልያንም ቢሆን ያላጠፋውን አላጠፋበትም።»

አያቴም ከምድጃው አጠገብ፣ «እናንተ የምትገርሙ ናችሁ» አለች። «ላሟን ወር ሙሉ አስራችሁ፣ ሣር ሳታበሉ፣ ማርያም ደረሰች ብላችሁ ልታልቡ ትሄዳላችሁ። ከየት ታምጣው?»

አባቴ አያቴን ትክ ብሎ አያት። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። «እማማ እውነቷን ነው። ካሚዮኑ ሥራ ነው የጎደለው። ሥራ ፈልጉለት!»

አቤት የዚያን ጊዜ ሩጫ! ሰፈሩ በሙሉ ለካሚዮኑ ሥራ ፈላጊ ሆነ። አጎቴ ከእንጦጦ ማገዶ እናውርድ አለ። እናቴ እሱንም ከለከለች። «ያን እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው የሚያወርዱ ሴቶች አሉ። ለኔ ቤት ብዬ የእነሱን ጉሮሮ አልዘጋም።» ሁለተኛ ማገዶ ያነሣ አልነበረም። በመጨረሻ ከቁስቋም የደብሩ አለቃ ዘንድ የሄዱት ሴቶች እልል እያሉ ተመለሱ። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካብ ተንዶ ኖሯል፤ ድንጋዩ ወንዙ ዳር ተፈንቅሎ ተከምሯል፤ ዳገቱን የሚያወጣው አህያ ግን አልተገኘም። ጣልያኑ ሥራ ፈትቶ ያዛጋ ስለነበር ቤንዚኑን ደብሩ እችላለሁ ሲል ወዲያው እሺ አለ።

«እዩ ግን» አለን ጣቱን እየወዘወዘ፣ «ዘይት እኔ አያለሁ። እኔ ቀይር ስል ይቀየራል።»

የሚያይበትንም መንገድ አሳየን። ዘንጉን መዝዞ ነጭ ጨርቅ ላይ አንድ ጠብታ ያንጠባጥባል። ጠብታው ቢጫ ሆኖ ከተስፋፋ ዘይቱ ገና ነው። መሐሉ ጠቁሮ ከቀረ ደክሟል። ሸማኔው ይህን ሲሰማ ሮጦ ሄዶ ከሸማ የተረፈ ነጭ ቁራጭ አመጣ። ያ ቁራጭ በየአመሻሹ ዋርካው ላይ ይሰቀል ነበር።

ካሚዮኑ ሥራ ጀመረ። ጠዋት ወንዙ ዳር ወንዶቹ ድንጋይ ይጭናሉ። ሸማኔው ሽመናውን ትቶ መጣ፤ ከሁሉ ትልቁን ድንጋይ የሚመርጠው እሱ ነበር። ከዚያ አባቴ በአንደኛ ማርሽ ዳገቱን ይይዛል፤ ሞተሩ ያገሣል፣ አቧራው ቁስቋምን ይጋርዳል፤ እኛ ልጆች ከኋላ እየሮጥን «በርታ! በርታ!» እንላለን። መንገዱ ላይ ባለው ኬላ የሚጠብቁት የጣልያን ወታደሮች ሳይቀሩ እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው ብለው ይወጡ ነበር።

አመሻሽ ላይ ደግሞ የጠብታው ጊዜ ነው። ሰው ሁሉ ዋርካው ሥር ይጋፋል።

«ምን መሰለ?»

«ገና ጠጅ ነው!»

«እንዴት ጠጅ? እኔ ወገቤ ተቆርጦ እሱ ገና ጠጅ ነው?»

በማግሥቱ «ፊልተር ጠላ መሰለ!» ተባለ። ከዚያ ጥቁር ጠላ ሆነ። ዳኛው ከዳር ቆመው ጥምጣማቸውን እያስተካከሉ፣ «ሰማዩንም እያያችሁ!» ይሉን ነበር። እውነትም ከእንጦጦ ጀርባ ደመናው በየቀኑ እየከበደ መጣ። እናቴ አንዴ ጨርቁን፣ አንዴ ደመናውን ታያለች። እኔ ሌሊት በህልሜ ዘይቱ ነጭ ሆኖ አየዋለሁ።

የመጨረሻው ጭነት ቀን ጠዋት አካፋ። መንገዱ ረጠበ። ካሚዮኑ ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ የኋላ ጎማው መንሸራተት ጀመረ። አባቴ ከመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «ድንጋይ ከጎማው ሥር! ቶሎ!» አለ። እናቴ የራስ መሸፈኛዋን ወገቧ ላይ አስራ ትከሻዋን ለካሚዮኑ ሰጠች። አጎቴም፣ ሸማኔውም፣ የደብሩ ዲያቆናትም ገፉ። ጭቃው ፊታችን ላይ ይረጫል፤ ሞተሩ ያቃስታል፤ ከኮፋኖው ሥር እንፋሎት ይጨሳል። ጣልያኑ ሳይቀር ምርኩዙን ጥሎ በአንድ እግሩ እየዘለለ በቋንቋው ይጮኻል። ከዚያ ካሚዮኑ አንዴ ዘለለና ወጣ። እኛም ጭቃው ላይ በግንባራችን ተደፋን! እንዲያ የሳቅሁበትን ቀን አላስታውስም።

ካቡ ሥር ድንጋዩ ሲራገፍ ጣልያኑ ዘንጉን መዘዘ። ሸማኔው ጨርቁን ዘረጋ። ጠብታዋ ወደቀች። ጥላሸት ነበረች፤ መሐሏ ጠቁራ ቀረች፣ አልተስፋፋችም። ጣልያኑ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገና አሸተተው።

«ባስታ! በቃ! ቀይር!»

እልልታው ቁስቋም ቅጥር ውስጥ ገብቶ ወጣ። ዕለቱ ማርያም አልነበረም፣ ገብርኤልም አልነበረም፤ ማንም ቀኑን አልጠየቀም። ካሚዮኑ ወደ ዋርካው ወረደ። ሞተሩ ገና ትኩስ እያለ አባቴ ቡሎኑን ፈታ። ትኩስ ዘይት እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ጥቁሩ እየጨሰ እንስራችን ውስጥ ተንቆረቆረ።

ዳኛው ቃላቸውን አከበሩ። «የእናንተ ነው፤ ውሰዱ» አሉ። ከዚያ ወደ ሸማኔው ዞር ብለው፣ «አንተ ደግሞ ተራህ የሰኔ ማርያም ነው» አሉት።

እሱ ራሱን ነቀነቀና ጨርቁን ማጠፍ ጀመረ። ዝናቡ ጣል ጣል ማድረግ ጀምሯል። እኔ ግን አላስቻለኝም።

«የሰኔ ማርያም ትመጣለች፤ ዘይቱ ከየት ይመጣል? ካሚዮኑ ከዛሬ ጀምሮ ሊቆም አይደል?»

«የእሱ ዕድል ነው።»

«ዕድል የሚባለው ዕጣ ሲወጣ ነው። ለእሱ መቼ ዕጣ አወጣችሁለት? ይሄንን ዘይት ያጠቆረው የሱ ትከሻ አይደለም?»

አባቴ ወደ እናቴ ጠጋ ብሎ፣ «ከተካፈለ ለቋሚዎቹ አይበቃንም» ሲል ሰማሁት። እናቴ እንስራውን አየች። ከቤታችን ጎን የተደገፉትን ቋሚዎች አየች። አያቴ በር ላይ ተቀምጣ ታያት ነበር። እናቴ ምን ያህል እንደምትፈልገው አውቃለሁ፤ በጋውን ሙሉ ስለዚያ ዘይት ነበር የምታወራው።

«የሚበሰብሰው ከመሬት በታች ያለው ነው» አለች በመጨረሻ። «እግሩን ብቻ እንቀባለን። ሌላውን ጭቃው ይሸፍነው። ሌላ እንስራ አምጡ!»

ዳኛው፣ «የእቁብ ሕግ...» ብለው ጀመሩ።

«እቁቡ ደረሰኝ አይደል? የደረሰኝን ለማን እንደምሰጥ እርስዎ አይነግሩኝም፣ አባባ።»

ያካፈልኩት እኔ ነኝ። በአገራችን ያካፈለ መጨረሻ ያነሣል። ሁለቱን እንስራዎች ጎን ለጎን አቁሜ፣ አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ በጣሳ እየቀዳሁ፣ ምላሴን ነክሼ አስተካከልኩ። ሸማኔው ቀድሞ መረጠ። ሁለቱንም ለረጅም ጊዜ አይቶ የግራውን ሲያነሣ፣ «የኔ እህት፣ እንዲህ የተስተካከለ ነገር ጉለሌ ውስጥ አይቼ አላውቅም» አለኝ።

በማግሥቱ ሰፈሩ ለደቦ ወጣ። የቋሚዎቹን እግር በጨርቅ ቀባን፤ እጃችን እስከ ክርን ጠቆረ፤ አፍንጫውን ያከከ ሁሉ ጥቁር ሆኖ ተሳቀበት። የእኛ ቤት ቋሚዎች እስከ ቀትር ተተከሉ፣ ማገሩም ተመታ። አያቴ አንዱን ቋሚ ይዛ ነቀነቀችው፤ ደጋግማ ነቀነቀችው። «ይሄ እንኳ የሚያስተኛ ይመስላል» ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

ወደ ሸማኔው ቤት ስንሻገር ሰማዩ ተቀደደ። ማንም አልተበተነም። ዝናቡ ጉድጓዶቹን ሳይሞላ ለመድረስ አንዱ ይተክላል፣ አንዱ አፈር ይመልሳል፣ ሌላው ይረግጣል። ዳኛው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያዩ ነበር። እናቴ የመጨረሻውን ቋሚ በሁለት እጇ ደግፋ፣ ፊቷ በዘይትና በዝናብ ተዥጎርጉሮ፣ «አባባ! ቆመው ከሚያዩ ይርገጡልን እንጂ፣ ሊዘም ነው!» ብላ ጮኸች።

ዳኛው ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን ለእኔ ሰጡኝ፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ገቡና ያንን ጭቃ በባዶ እግራቸው ዙሪያውን ይረግጡት ጀመር። ሸማኔው ከላይ ሆኖ ቋሚውን እያቃና፣ «በግራ በኩል፣ አባባ፣ አሁንም በግራ» ይላቸዋል። እሳቸውም በግራ በኩል ረገጡ።